ሰባተኛው ፌርማታ

ዉጅ ከተማ፣ ፖላንድ፤ ጥር፤ ሌሊቱ የገፋበት፤
የአረጋውያን መጦሪያ፤ ኮሪደሩ ጭር ያለበት።
አልዬሲያ መወልወያዋን ከግድግዳው አስደግፋ
አንዲት ካርድ ታነባለች፣ ለቁጥር ጣቷን አጣጥፋ።
«ሲትሬት፣ አይሶሲትሬት፣ ቀጥሎስ?» ይጠፋል ከአፏ ጫፍ ሲደርስ፤
የክሬብስ ዑደት ይሽከረከራል፣ እሷን ጥሎ ሲገሰግስ።

ግሮድኖ ሳለች ሃያ ሁለት ዓመት ሆድ ከፍታ ሰፍታለች፤
መብራት ሲጠፋ፣ በጣቷ ብቻ፣ የሚደማውን ሥር አግኝታለች።
ማን ጠይቋት ያውቃል ያኔ የኢንዛይሙን ስም ዝርዝር?
የታመመው ይጮኽ ነበር፤ እጇ ይመልስ ነበር።
አሁን ግን አገር የለወጠ ሐኪም እንደ ተማሪ ሀሁ ይቆጥራል፤
ፈተናው እጅን አይጠይቅም፤ ያጠቆሩትን ክብ ብቻ ይመረምራል።

ልጇ ዛኻር፣ አሥራ አምስት ዓመቱ፣
«እማ፣ ይኼን ትናንትም ስተሻል» — ማንኪያውን ቂው! ያደርጋል፤
ቀጥሎ ግን ሻይ ይቀዳላታል፤ ስኳሩን አብዝቶ ያማስላል።
አሥራ ሁለቱ የራስ ቅል ነርቮች እንደ ጫጩት ተበተኑ፤
ስድስቱን ስትሰበስብ፣ ሌሎቹ ስድስቱ ባከኑ።

ክፍል አራት ዜኖን አለ፣ ሠላሳ ዓመት ትራም የነዳ፤
አእምሮው የኪራይ ቤት ነው፣ ዕቃው ወጥቶ የጸዳ።
የልጁን ስም ረስቷል፤ የሚስቱን ሞት፤ ቁርስ መብላቱን፤
አልዘነጋም ግን የመስመሩን ፌርማታዎች፣ አሥራ ሁለቱን።
ሌሊት ሲነቃ ይጣራል፣ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ፣
የሌለ ደወል እየጎተተ፣ የሌለ ፍሬን ላይ እግሩን ጥሎ።

«አንደኛ፣ ዳቦ ቤቱ!» ሲል — የማሽተት ነርቭ፣ አለች ለራሷ፤
«ሁለተኛ፣ መነጽር ሠሪው!» — የማየት። ነቃ መንፈሷ።
ሦስት፣ አራት፣ ስድስት አልገጠሙም፤ አንዱ መጋዘን፣ አንዱ አጥር፤
ዓይን አዟሪዎቹን በግድ አሳፈረች፣ ያለ ቲኬት፣ በምስጢር።
«ሰባተኛ፣ ፎቶ ቤቱ!» — የፊት ነርቭ፤ ፈገግ በል፣ ቅንድብ አንሳ።
ስምንተኛ የደወል ማማ፤ ጆሮ። ዘጠነኛው ተረሳ።
«አሥረኛ፣ ባቡር ጣቢያው!» — ቫገስ፤ ‹ተንከራታች› ማለት ነው አለች፤
ከራስ ቅል ወጥቶ፣ በልብ በኩል፣ ሆድ ይወርዳል፤ ይህን መንገድ እሷም ሄደች።
አሥራ አንድ፣ ከሰል ተራ፤ የትከሻ። ከዚያ መጨረሻ፦
«ፍርድ ቤቱ! ሁሉም ይውረድ!» — ምላስ፤ የመጻተኛ መፈተሻ።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ አብረው ነዱ፤ እሱ ደወል፣ እሷ ስም፤
ተሳፋሪው ሁለት ብቻ፤ በመንገድ የወረደ የለም።

የካቲት ገብቶ፣ ለፈተናው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣
ስድስተኛውን አለፈና ሰባተኛው ላይ አፉን አሰረው።
«ፎ… ፎ…» አለ። የከንፈሩ ቀኝ ጫፍ እንደ ረጠበ ጨርቅ ረገበ፤
«ቅንድብዎን ያንሱ!» አለች፤ ግንባሩ ግራና ቀኝ እኩል ተሸበሸበ።
ግንባር ከተረፈ፣ ጥፋቱ ነርቩ አይደለም፤ ከላይ ነው፣ አንጎል ውስጥ፤
ካርዱ ይሁን እጇ የነገራት፣ ጊዜ አልነበራትም ለመምረጥ።

አምቡላንስ መጣ። ወጣቱ ባለሙያ ጓንቱን እያጠለቀ፣
«መቼ ጀመረው?» አለ። «ዘጠኝ ከአሥራ ሁለት።» ቀና ብሎ አያት፤ ተደነቀ።
ሰዋስዋ ተዛባ፤ ቁጥሩ ግን ከቦታው አልተነቃነቀ።
«ሐኪም ነሽ እንዴ?» አላት። መወልወያው ላይ ዓይኗ ዐረፈ፤
«ጽዳት ነኝ» አለች። በሩ ተዘጋ። ሰማያዊው መብራት በመስኮቱ አለፈ።

የፈተናው ዕለት በረዶ ጣለ። ትራም ተሳፈረች፤ ካርድ አላወጣችም፤
ዜኖን ሆስፒታል ነው፤ ይተነፍሳል ይላሉ፤ ስለ ንግግሩ የነገራት የለም።
መስመሩ ያው ያ መስመር ነው፤ ዳቦ ቤቱ ስልክ መሸጫ ሆኗል፤
በፎቶ ቤቱ መስታወት የአንዲት ሙሽራ ፊት ደብዝዟል።
ሰባተኛው ላይ ቆመ። ማንም አልወረደ፣ ማንም አልተሳፈረ፤
ቅንድቧን አነሣች፣ ለማንም ሳይሆን፤ መስኮቱ ውስጥ ሽብሽቡ እኩል ነበረ።

ፌርማታ የሚጠራው ዛሬ ማሽን ነው፣ የተቀዳ ድምፅ፣ የማይቀያየር፤
አልዬሲያ ግን እየቀደመችው ጠራች፣ ዘጠነኛውን ጭምር።